ፍየል ይዞ ወደ ፊት ስለ ሸሸ ወታደር

ቁጥር፦ መሥሪያ ቤት ስላልሆንኩ የለኝም
ቀን፦ ኅዳር 1996 ዓ.ም.

ለተከበሩ የተሰናባች ወታደሮች ማስረጃ አጣሪ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ «በዲሲፕሊን ጉድለት» የሚለው ስንብቴ «በክብር» ተብሎ እንዲታረምልኝ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለወንበርዎ፣ ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ እርስዎን ወክሎ ለሚውለው ኮትዎም ጭምር የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ፤ በአካል አይቼዎት ስለማላውቅ ናፍቆቴ ከሌላው ሰው ናፍቆት ይለያል።

ይህን የምጽፍልዎ እኔ በድንበሩ ጦርነት አንድ ሙሉ ብርጌድ ብቻዬን የመገብኩ ሰው ነኝ። ብርጌድ ስል፣ እውነቱን ለመናገር አንዲት የሻምበል ጦር ናት፤ ብቻዬን ስልም ሌሎች ሁለት ወጥ ቤቶች ነበሩ፣ ነገር ግን አንደኛው ሽንኩርት በከተፈ ቁጥር እናቱ ትዝ እያለችው ስለሚያለቅስ፣ ሁለተኛው ደግሞ እሱን ሲያጽናና ስለሚውል፣ ብቻዬን ነበርኩ ብል ብዙ አልዋሸሁም።

ደብዳቤውንም የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ቀድሞ ማመልከቻ የሚጽፉልኝ ፍርድ ቤት ደጅ ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡ አዛውንት ነበሩ፤ እሳቸው ምንም ብነግራቸው «እያነባሁ እጠይቃለሁ» ብለው ነው የሚጨርሱት፣ እኔ ደግሞ አንብቼ አላውቅም። አሁን የማታ ትምህርቴን ስለ ጨረስኩ ያለ ጃንጥላ እጽፋለሁ። መምህርት ፀደይ «ጋሽ አገኘሁ፣ አራት ነጥብ የተፈጠረው እኮ አንባቢ እንዲተነፍስ ነው» ትለኛለች፤ ስለዚህ ትንፋሽ ካጠርዎት ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስንብት ወረቀቴን ስቀበል ማንበብ አልችልም ነበር። ማኅተሙ የሻይ ሰሐን የሚያህል፣ ሐምራዊ፣ ደስ የሚል ማኅተም ስለነበረ ምስጋና ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ሰውን ለማዋረድ ይህን ያህል ቀለም ያፈሳሉ ብሎ ማን ይጠረጥራል? ላሚኔት አስደርጌ አውቶቡስ ተራ ጀርባ በከፈትኳት ሽሮ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ተሸካሚዎቹ ሁሉ ከሥሩ ተቀምጠው ሲበሉ ኖሩ። ከእነሱ መካከል ማንበብ የሚችሉ እንደነበሩ ዛሬ አውቃለሁ፤ ግን የሚፈላ ሽሮ ፊቱ የቀረበለት ሰው ክፉ ወሬ አይጀምርም።

ባለፈው ዓመት በርበሬ በረንዳ ዛላ በርበሬ የምትሸጠውን ወይዘሮ ባይነሽን ለማግባት ሽማግሌ ላክሁ። ባይነሽ ባሏን ከቀበረች ዓመታት ያለፏት፣ እጇ በርበሬ ሲለቅም ዓይኗ ሰው የሚለቅም ሴት ናት፤ የቀረውን ሙያዋን ገበያው ይናገር። ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን እንዳይሄዱ ብዬ ወረቀቴን ከግድግዳ አውርጄ፣ የሽሮውን ፍንጣቂ ወልውዬ አስያዝኳቸው። ታላቅ ወንድሟ ጋሼ ኃይለየሱስ መነጽራቸውን አደረጉና ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ያለ ፈቃድ ከምድብ ቦታው በመጥፋትና የክፍሉን ንብረት ይዞ በመሰወር፣ በዲሲፕሊን ጉድለት የተሰናበተ።» አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፤ ሁለተኛው ራሳቸው ላይ ያለውን ባርኔጣ መፈለግ ጀመሩ።

ጋሼ ኃይለየሱስ የቀድሞው ጦር ወታደር ናቸው፤ በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን ከግንባር በእግራቸው ነው የገቡት። ሽማግሌዎቹን እንዲህ ብለው ሸኟቸው፦ «ለእኔ ወረቀት የሚሰጠኝ ጠፍቶ ነው ባዶ እጄን የገባሁት፤ እሱ ሰጪ አግኝቶ ይሄን ተቀበለ? በክብር የሚል ይዞ ይምጣ፣ ያኔ እንነጋገራለን።» እኔም በዚያው ሳምንት የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ፤ ከእንግዲህ ስለ እኔ የተጻፈውን ከእኔ ቀድሞ የሚያነብ ሰው እንዳይኖር።

ባይነሽ ግን ማግስቱን በርበሬ ልገዛ ስሄድ፣ ሚዛኗን ሳትለቅ «አንተ ወረቀትህን አስተካክል፣ እኔ እጠብቃለሁ» አለችኝ። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ እስክሪብቶዎ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ያለው ስንብቴ ብቻ ሳይሆን ሠርጌም ነው።

ስለ ወንጀሌም ልናገር። ወረቀቱ ላይ «ንብረት» የተባለው ፍየል ነው። የአረፋ ዕለት ለሻምበሏ ፍየሎች መጡ፤ ሁሉም ኩሽና ታርደው ሥጋው ወደ ፊተኛው ምሽግ ይላክ ተባለ። ምሽጉን የያዙት ግን የሚበዙት ሙስሊም ልጆች ነበሩ፤ አራጁ ደግሞ ማዕተቡን እንዳሰረ ቢላዋ የሚስል ክርስቲያን ነው። እነሱ የእኛን እንደማይበሉ፣ እኛም የእነሱን እንደማንበላ ለእርስዎ አልነግርዎትም። በገዛ በዓላቸው ሥጋ እየሸተታቸው ኮቾሮ፣ ያንን ደረቅ የስንቅ ብስኩት፣ ሊቆረጥሙ ነው። ስለዚህ ራሳቸው እንዲያርዱት አንዱን ፍየል ከነነፍሱ ይዤላቸው ሄድኩ። እንዳይጮህ አፉን በቀበቶዬ አሰርኩ፤ ቀበቶው ሲሄድ ሱሪዬም ሊከተለው ስለፈለገ በአንድ እጄ ሱሪዬን፣ በሌላው ፍየሉን ይዤ፣ በቀረኝ አካል ሜዳውን ተሳብኩ። ጥይት እንደ በረዶ ይወርድ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ጸጥታ ነበር፣ ከወዲያ ማዶ ያሉትም የሚያዩትን ነገር ለአለቆቻቸው እንዴት ብለው እንደሚያስረዱ ጨንቋቸው ይሆናል።

ልብ ይበሉልኝ፣ የሄድኩት ወደ ኋላ፣ ወደ ገበያው አይደለም፤ ወደ ፊት ነው። ንብረት ዘርፎ ወደ ጠላት ምሽግ አቅጣጫ የኮበለለ ሌላ ወታደር ካለ ያስተዋውቁኝና አብረን ማኅበር እንጠጣ። ስመለስ ግን ቆጠራ ተደርጎ ነበር፤ ፍየሉ ጎደለ፣ እኔም ጎደልኩ፤ አዛዣችን ሁለቱን ጉድለት ደምረው አንድ ጥፋት አወጡ።

አሁን ቅሬታዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ኮትዎን አገኛለሁ፣ እርስዎን አላገኝም። ጸሐፊዎ ወይዘሪት ኤልሳቤት «አሁን እዚህ ነበሩ፣ ኮታቸው አለ አይደል» ይሉኛል። አንድ ቀን ተስፋ ቆርጬ ጉዳዬን ለኮቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳሁት። ሳያቋርጠኝና ነገ ና ሳይለኝ የሰማኝ የመሥሪያ ቤትዎ ባልደረባ እሱ ብቻ ስለሆነ የደረጃ ዕድገት እንዲታሰብለት በትሕትና አሳስባለሁ።

፪ኛ. ስንብቱን የፈረመው አዛዥ ቀርቦ ይመስክርልህ ተባልኩ። የት አባቴ ላገኛቸው ነው ብዬ ስጨነቅ፣ ሻምበል ይድነቃቸው እዚያው መተላለፊያዎ አግዳሚ ላይ ከጎኔ ተቀምጠዋል። ለካ እሳቸውም በኋላ በሌላ ጉዳይ በዲሲፕሊን ተሰናብተው ወረቀታቸውን ለማሳረም ወረፋ ይዘዋል። ትክ ብለው አዩኝና «አንተ የፍየሉ ሰውዬ አይደለህም?» አሉኝ፤ ነኝ ጌታዬ ብላቸው «ለመሆኑ ጣፈጠ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ለበሉት ጣፍጧል አልኳቸው። ሰፊ ልብ አላቸው፣ ያን ቀን ተቻኩዬ ነበር ብለው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ፈረሙልኝ። ወይዘሪት ኤልሳቤት ግን በክብር ያልተሰናበተ ሰው ምስክርነት አይያዝም ብለው መለሱት። ሻምበሉም በተራቸው እኔን ምስክር ቢቆጥሩ በዚያው ምክንያት ተመለሱ። እኔን ለማባረር የበቃች ፊርማ እኔን ለማንሳት አቅም ማጣቷን ሳስብ፣ የሕጋችሁን ጥልቀት ስደነቅበት እውላለሁ፤ ሻምበሉና እኔም በአንድ አግዳሚ ላይ አንዱ ለሌላው እንዳይመሰክር ተፈርዶብን ቆሎ እየተካፈልን ወዳጅ ሆነናል።

፫ኛ. እንግዲያው ፍየሉን የበላ ሰው አምጣ ተባልኩ። ጓዴ ረዲ አሁን መርካቶ ውስጥ የብረት ድስት ይሸጣል፤ ገበያ ቀን ሱቁን ዘግቶ፣ ክራባት አስሮ መጣልኝ። በልተሃል ወይ ሲባል «ወላሂ በልቻለሁ፣ እሱ ነው ያመጣልን፣ እሱ ግን አልቀመሰም» አለ። ወይዘሪት ኤልሳቤት እየጻፉ፣ እንግዲያው ንብረቱን በማጥፋት ተባባሪ ነዎት ሲሉት፣ ረዲ ክራባቱን እዚያው ፈታ። ቢያንስ ሌሎች ሁለት የበሉ ይቅረቡ ሲሉ ግን ቀልዱን ትቶ «እህቴ፣ ሌሎቹን ከየት ላምጣልሽ? እዚያው ምሽግ ውስጥ ናቸው» አላቸው። ወይዘሪት ኤልሳቤት አዲስ ገጽ ገለጡ። ከዚያ ፍየሉ ግንባር ስለመድረሱ የርክክብ ሰነድ እንድናቀርብ ታዘዝን።

፬ኛ. ይህን ቅሬታ ተናድጄ ስለጻፍኩት ሰርዤዋለሁ።

፭ኛ. ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ቢሮዎ ራርቶልኝ «በዲሲፕሊን ጉድለት» የሚለውን «በልዩ ልዩ ምክንያት» ብሎ አሻሽሎ ሰጠኝ። ስሮጥ ወስጄ ለጋሼ ኃይለየሱስ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው «በልዩ ልዩ? ከፍየሉ ሌላ ደግሞ ምን ወስደሃል?» አሉኝ። ቀድሞ የአንድ ፍየል ሌባ ነበርኩ፤ በእርስዎ ቸርነት ግን ዛሬ መርካቶ ውስጥ ያልተጠረጠርኩበት ዕቃ የለም።

ይህም ሆኖ ውለታዎን አልረሳም። ደረጃዎ ጉልበቴን ስላጠነከረልኝ አመሰግናለሁ። ፊደል ያስቆጠረችኝ መምህርት ፀደይ ብትሆንም አጥርቼ ማንበብ የለመድኩት በእናንተ በሮች ላይ ነው፤ «ስብሰባ ላይ ነን»፣ «ነገ ይመለሱ»፣ «የሚመለከተውን ይጠይቁ» የሚሉትን ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ እወጣቸዋለሁ። ስለ ሰጡኝ ትምህርት እግዚአብሔር በሰፈሩት መጠን ይስፈርልዎ።

የምለምነው ሜዳሊያ አይደለም። «በክብር» የምትል አንዲት ቃል ናት፤ እኔ ጀማሪው እንኳ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ እጽፋታለሁ። እጅዎን ካመመዎት መጥቼ ልጻፍልዎ፣ እርስዎ ማኅተሟን ብቻ ያኑሩባት፤ ማኅተሙንስ እወደዋለሁ።

የክቡርነትዎ ደረጃ ወጪና ወራጅ፣ ያለ ምስክር እውነተኛ፣ ያለ ገበያ ሌባ፣ በቀድሞው ግንባር ወጥ ቤት፣ በአሁኑ ዘመን ባለ ሽሮ ቤት፣ ከማታ ተማሪዎች መካከል በድምፅ ንባብ አንደኛ (ጮክ ብሎ በማንበብ ማለቴ ነው)፣ በፍጹም አክብሮት ወንበርዎን እጅ የምነሳ፣

አገኘሁ ማሙሸት

ግልባጭ፦
ለሻምበል ይድነቃቸው፣ ወረፋ ላይ ባሉበት
ለጋሼ ኃይለየሱስ፣ ከነመነጽራቸው
በርበሬ በረንዳ መግቢያ ላለው ግድግዳ፣ በሙጫ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤው እርስዎ ጋ ከመድረሱ በፊት ግድግዳው ላይ ስለሚለጠፍ፣ የመርካቶ ሰው ሁሉ አንብቦት ሲያበቃ ለእርስዎ ይደርሳል፤ በቢሮዎ አሠራር መሠረት የሚመለከተው የመጨረሻው ሰው እርስዎ እንዲሆኑ ተጠንቅቄያለሁ። መልስ ለመስጠትም አይቸኩሉ። ከጻፍኩት ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁና እሷን ላርም። ባይነሽ «እጠብቃለሁ» አላለችኝም። ያ ወረቀት ከተነበበ ወዲህ ፊቷን ማየት አፍሬ በርበሬ የምገዛው ከሌላ ረድፍ ነው። ሽማግሌ የላክሁት ወንድሟ ዘንድ ነበር፤ እሷን የጠየቃት ሰው የለም፣ እኔም ብሆን። ጠዋት ጠዋት ወደ ሱቋ ስትገባ ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሳታነብ አታልፍም። ይኸው ጠየቅኋት።