የላክሃቸው ማግኔቶች

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህ ተሻለህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። አባባም ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ይስቃሉ። በስልክ ደህና ናቸው የምልህ ለዚህ ነው። ውሸት አይደለም፤ ሙሉውም ግን አይደለም።

የላክሃቸው ማግኔቶች የደረሱ ቀን አባባ እንዴት እንደሳቁብህ! በሞርሳ ጠፍሬ ያሰርኩት እንኳ ይንሸራተታል፣ ይሄ የልጅ መጫወቻ ጣውላ ሊይዝልኝ ነው? አሉ። በኋላ የአንዷን ማግኔት እጀታ ግማሽ ዙር ሲያዞሯት የመጋዙን የብረት ጠረጴዛ ንክስ አድርጋ ስትይዝ፣ ሲመልሷት ደግሞ እንደ ተራ ብረት ስትለቅ አይተው ልባቸው ተሰረቀ። ወዲያው ከጠንካራ እንጨት ቀጥ ያለች መሪ ሠርተው፣ ሁለት ቀዳዳ በስተው ማግኔቶቹን ቀበሩባት። ጣውላው እሷን ተደግፎ ነው ወደ መጋዙ የሚገባው። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ፣ ልጄ የላከልኝ ነው እያሉ ያዞሩለታል፤ ሰውየው ያዘዘውን ወንበር ረስቶ ሲያደንቅ ይቆያል።

አሁን ግን አባባ ይረሳሉ። አዙረው ያስሯታል፤ ከዚያ አዙሬያታለሁ ወይ ብለው ይጠራጠሩና ለጥንቃቄ ደግመው ያዞሯታል። ያን ጊዜ ትፈታለች። ባለፈው መሪዋ ሸርተት ስትል ጣውላው ተወርውሮ ከኋላቸው ያለውን መስኮት ሰበረው። ጆሯቸውን ታክኮ ነው ያለፈው። እሳቸው ስብርባሪውን እየጠረጉ፣ ድሮም ይሄን መስኮት አልወደውም ነበር አሉኝ። እኔ ጥግ ይዤ አለቀስኩ።

ሲታሰሩ አረንጓዴው፣ ሲፈቱ ቀዩ እንዲታይ ብዬ እጀታዎቹ ላይ ቀለም ቀባሁላቸው። ቀዩ ምን ነበር እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ ልቁረጥልዎት ስል፣ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ብለው ያባርሩኛል። ይተዉት እንዳልላቸው አፌ አልታዘዝ አለኝ። ከመጋዙ ካራቅኳቸው ምን ይቀራቸዋል?

ጨንቆኝ ጠቦኝ የማሽኑን መስመር አጠፋሁና መብራት ሄዷል አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሽርጣቸውን አስረው መጋዙ አጠገብ ይቀመጣሉ። መጣ? ይሉኛል። አልመጣም እላለሁ። ጎረቤታችን በያጁ የኤሌክትሪክ ሞረዱን ሲያስጮኽ ሰምተው፣ የእሱስ? ሲሉኝ፣ የእሱ መስመር ሌላ ነው አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንድም ጋሼ፣ አንተን ይሰማሉ፤ እባክህ መጋዙን እንዲተዉ አንተ ንገራቸው።

እዚህ ድረስ ጽፌ ሻይ ልወስድላቸው ተነሳሁ። መሪዋን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው እጀታዋን ያዞራሉ፣ ይመልሳሉ። ሻዩን ሳስቀምጥ ከራሳቸው በላይ አምፖሉ እንደበራ አየሁ። ሞኟ እህትህ፣ የማሽኑን እንጂ የክፍሉን መስመር አላጠፋሁም ለካ! ያን ሁሉ ቀን መብራት የለም ያልኳቸው ከመብራት ሥር ነው። ቀና ብለው አምፖሉን አዩት፤ ከዚያ እኔን። እጄን ያዝ አደረጉና፣ ልጄ፣ መብራቱ የመጣ ቀን እንዳትነግሪኝ አሉኝ።

ንገራቸው ያልኩህን ተወው። ምንም አትንገራቸው፤ ብቻ ና።

እግዜር ጉልበትህን ያጽናልህ፣ መንገድህን ያቅናልህ፤ ዓይንህን ለማየት ያብቃን።

እህትህ