አጥንት ቦታውን እስኪይዝ

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13 ቀን 1997፣ ብሩክሊን ሴንተር

እስካሁን ንዴቴ አልበረደም። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳነሣ ወገቤ ከተጎዳ ወዲህ ዶክተሩ ወንበር ላይ ሆነህ ስገድ ብሎኝ፣ ሁለት ወር ሙሉ እንደ ደከመ ሽማግሌ ተቀምጬ ሰገድኩ። ዛሬ ደግሞ ክሊኒክ ውስጥ የወገብ እንቅስቃሴ የምታሠራኝ ወጣት ፈረንጅ ፍራሽ ዘርግታ፣ ተንበርከክ፣ ግንባርህን መሬት አስነካ፣ ቀስ ብለህ ተንፍስ አለችኝ። ሱጁድ ልታስተምረኝ!

"ይህንን ሠላሳ ዓመት በቀን አምስት ጊዜ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ በያት" አልኳት ልታስተረጉም አብራኝ ለመጣችው ልጄ ለሰሚራ።

ፈረንጇ አልሳቀችም። ስንት ትንፋሽ እንደምቆይ ጠየቀች።

"የሚበቃውን ያህል።"

"ኧረ አባዬ" አለች ሰሚራ፤ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ ለዚህ አማርኛ አላጣችም። "ስትሰግድ እኮ ዶሮ ጥሬ ስትለቅም ነው የምትመስለው።"

"መጋዘን የሚሰጡኝ እረፍት አሥር ደቂቃ ነው።"

"ቤትስ ማን ሰዓት ይይዝብሃል?"

አባቴ ደሴ እያለን ቸኩዬ ከሱጁድ ስነሣ ትከሻዬን ይዞ "አጥንትህ ቦታውን ይያዝ" ይለኝ ነበር። ፈረንጇ ይህንን ከማን ሰማች?

መግሪብ ሲደርስ ወንበሩን ወደ ጎን ገፍቼ ምንጣፉ ላይ ቆምኩ። ግንባሬን ቀስ ብዬ አስነካሁ። ወገቤ አልጮኸም። ሰሚራ ክፍሏ ናት፣ ነገም ሥራ የለኝም። ሦስተኛውን ትንፋሽ ሳልጨርስ ግን እጄ መሬቱን መግፋት ጀምሮ ነበር።