የብርቱካኔ ፍሬ ከእንግዲህ ስለማይረግፍበት ጉዳይ

ለተከበሩ የወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በየአዳራሹ የምትሰቅሉት የሥልጠና ባነርም ደህና ናችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ዛፎቼ ግን ደርቀዋል። ከእንፍራንዝ በታች በመስኖ ብርቱካን የማለማዋ ሐረገወይን አዳነ ነኝ፤ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ተክሎ የተወልኝ ሃያ ሦስት እግር ብርቱካን የእኔና የልጆቼ መተዳደሪያ ነበር።

አንደኛ፣ ለጤፍ አረም የምንረጨው ቱፎርዲ በጣም በጥቂቱ ሲረጭ የብርቱካን ፍሬ ሳይበስል እንዳይረግፍ እንደሚያደርግ ባለሙያዎ ሁለት ቀን ሙሉ ስላስተማሩን እጅግ አመሰግናለሁ። ጥቂት ማለት ስንት እንደሆነ ለመናገር ግን ሁለቱ ቀን አልበቃቸውም፤ የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበርና አልፈርድባቸውም።

ሁለተኛ፣ በእኛ አገር ጥቂት ማለት የጠርሙሱ ክዳን ነው። ጎረቤቴ አያ የሻው ለጤፋቸው ዕድሜ ልካቸውን በክዳን ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ ለእኔም ዛፎች በአንድ መርጫ ውኃ አንድ ክዳን አድርገው፣ ጎረቤትነት ነውና ግማሽ ክዳን ምራቂ ጨመሩልኝ። ምነው ያን ዕለት እጃቸውን በያዝኩ! በሳምንቱ ቅጠሉ ተጨማደደ፣ ፍሬው ገና በለጋነቱ ተዘረገፈ። አያ የሻው እስከ ዛሬ በደጄ የሚያልፉት አንገታቸውን ደፍተው ነው፤ አንጀቴን ይበሉታል። እርስዎ በመኪና ስለሚያልፉ አንገትዎ አይታየኝም።

ሦስተኛ፣ በሪፖርታችሁ ላይ በእኔ ማሳ የፍሬ መርገፍ ችግር ሙሉ በሙሉ ተቀርፏል ተብሎ መጻፉን የቀበሌያችን ሊቀመንበር በስብሰባ አነበቡልን፤ ተጨበጨበም። እውነት ነው፤ ከሌለ ፍሬ ምን ይረግፋል?

ከቦዩ ማዶ ያሉት ሦስት ዛፎች መድኃኒቱ ስላልደረሳቸው ተርፈዋል። ያለኝ እነሱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ልኩን በጠብታም ይሁን በሚሊ ሊትር ጽፈው፣ ማኅተም አሳርፈው እንዲልኩልን እማጸንዎታለሁ፤ ይህ ከከበደም እባክዎ ይተዉን።

ለጤናዎ ብርታት፣ ለወንበርዎ ጽናት እየተመኘሁ፣ ከፍ ካለ አክብሮትና ዝቅ ካለ ምርት ጋር፣
ሐረገወይን አዳነ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለሙያዎ ረቡዕ ለሁለተኛው ዙር ርጭት ወደ ሦስቱ ዛፎች እንደሚመጡ ተነግሮኛል። ውሻዬን ፈትቼዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ሹመት አይለይም።