በአንድ ወገን ብቻ ለቆመው አሳንሰር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የባቡር ጣቢያው ማስፋፊያ ሥራ ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለክብርዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም የጉልበትና የወገብ ጤና፣ ከልብ እመኛለሁ፤ እርስዎ ባሠሩት ጣቢያ ከነዚህ አንዱ የጎደለበት ሰው የት እንደሚቀር በቤቴ አይቻለሁና። እኔ ከጣቢያው የደቡብ መውጫ ፊት ለፊት የምሠራ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ ከሃዲዱ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ የምትንቀሳቀሰውም በተሽከርካሪ ወንበር ነው። አሁን ወደ ክፍሏ የምትደርስበት መንገድ ስላጣች ሥራዋ ከእጇ ሊወጣ ነው። ይህን በአደባባይ የምጽፈውም እስከ ዛሬ ያስገባናቸው አቤቱታዎች በቢሮዎ ተደላድለው ስለተቀመጡ፣ እነርሱን መረበሽ ነውር መስሎኝ ነው።

ጣቢያው ያምራል፤ ይህን የሚክድ የለም። ቀድሞ ሁለቱ የባቡር መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ የዛገ ቆርቆሮ የለበሰ መጠለያና ሃዲዱን የሚያቋርጥ የእግረኛ መሻገሪያ ብቻ ነበረው። የመሻገሪያው ዘበኛ ባቡሩ ካለፈ በኋላ የመዝጊያውን ብረት ከፍ አድርገው የባለቤቴን ወንበር ራሳቸው እየገፉ ያሻግሯት፣ እግረ መንገዳቸውንም ስለ ተማሪዎቿ ይጠይቋት ነበር። ይህ አሠራር ኋላ ቀርና አደገኛ መሆኑን ስላስረዱን እናመሰግናለን። መሻገሪያው ታጠረ፤ ዘበኛው ተሸኙ፤ በምትኩ ዙሪያውን በመስታወት ያሸበረቀ ድልድይ ቆመልን። ቅሬታዬን በቁጥር የማቀርበው ሥራ ስለሚበዛብዎ ነው።

፩. የድልድዩን የደቡብ ግማሽ የአንደኛው መስመር ጽሕፈት ቤት፣ የሰሜኑን ግማሽ የሁለተኛው መስመር ጽሕፈት ቤት እንደሠራው ሰምተናል፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ሪባን ሲቆርጡ አጨብጭበናል። የደቡቦቹ ፕላን አሳንሰር ነበረው። የሰሜኖቹ ፕላን በእነርሱ በኩል አሳንሰር ሊቆምበት በሚገባው ቦታ ላይ የአበባ መደብ ነበረው። ሁለቱን ፕላኖች አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያየ ሰው ባለመኖሩ፣ ባለቤቴ በደቡብ በኩል በአሳንሰር ሽቅብ ትወጣና፣ ድልድዩን ተሻግራ፣ በሰሜን በኩል ደረጃው አፍ ላይ ስትደርስ አበባውን ቁልቁል እያየች ትቆማለች። አበባው በእውነቱ ጥሩ እንክብካቤ ይደረግለታል።

፪. በድልድዩ መሃል ቢጫ መስመር ተሰምሯል። የአሳንሰሩ ሠራተኛ ደግ ሰው ነው፤ ግን ሥራው ቢጫው መስመር ላይ ያልቃል፤ አንድ ቀን መስመሩን አልፎ ወንበሯን ቢገፋላት የሌላ መሥሪያ ቤት ክልል ገብተሃል ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ደቡቦቹን ብንጠይቅ ችግሩ የሰሜኖቹ ነው አሉን፤ ሰሜኖቹን ብንጠይቅ አሳንሰር የደቡቦቹ ጉዳይ ነው አሉን። ሁለቱም ሲመልሱን ወንበር ስበው አስቀምጠውናል፤ ለትሕትናቸው ምስጋናችን ይድረሳቸው።

፫. ስለ ምረቃው ቀን ባልናገር ደስ ባለኝ። የቢሮዎ ሰዎች ባለቤቴን ለፎቶግራፍ ሲፈልጓት ቀሚሷን አስተኩሳ፣ እኔም ፀጉሯን ሠርቼላት መጣች፤ ከአሳንሰሩ ስትወጣ ከጎንዎ ሆና ፈገግ አለች። ፎቶው እንዳለቀ እርስዎና እንግዶችዎ በሰሜኑ ደረጃ ወርዳችሁ ወደ ግብዣው ሄዳችሁ። እርሷን ግን ክፍሏ ይጠብቃት ስለነበር ሁለት ተሸካሚዎች ከነወንበሯ አንስተው ሲያወርዷት አንዱን እግሩ ከዳውና፣ የተማሪዎቿ ወላጆች ቆመው እያዩ፣ ባለቤቴ ቀሚሷ ተገልቦ የደረጃውን ብረት አንቃ ያዘች። አልወደቀችም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አይሸከመኝም ብላ ማለች። ያ ፎቶግራፍ ዛሬ በጣቢያው መግቢያ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩም ጣቢያችን የሁሉም ነው ይላል። ደንበኞቼ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ሚስትህ ዝነኛ ሆነች ሲሉኝ ምላጩን አስቀምጣለሁ፤ ምላጭ የያዘ ሰው መናደድ የለበትምና።

፬. በመኪና ዞራ እንድትሄድ ለመከሩን ባለሙያዎ አክብሮቴ ይድረሳቸው። የዙሪያውን መንገድ ለማስፋፊያው ሥራ አጥረው የዘጉት እርሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን በሥራ ብዛት ሳይረሱት አልቀሩም።

ርዕሰ መምህሩ የሚችለውን ያህል ታግሦናል። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ግን ክፍሉን ሌላ መምህር ይረከባል። እኛ የምንጠይቀው ወይ አሳንሰር፣ ወይ የድሮውን መሻገሪያ፣ ሁለቱም ከከበደ ደግሞ አንድ ሰው ቢጫውን መስመር አልፎ የሰሜኖቹን በር እንዲያንኳኳ ነው። እርስዎ የሁለቱም አለቃ ስለሆኑ መስመሩን ቢያልፉ የሚቆጣዎት ያለ አይመስለኝም።

ለጣቢያው ውበት ሲባል ከቤቱ እንዳይወጣ የተደረገ ቤተሰብ ሊያቀርበው በሚችለው ምስጋና ሁሉ እጅ እየነሳሁ፣ ቀጣዩ የማስፋፊያ ምዕራፍ እኛ ዘንድ ሳይደርስ እንዲያልፍ እየተማፀንኩ፣

የፎቶግራፏ ሴት ባል
ፀጉር አስተካካዩ

ሳልጽፈው የቀረ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ሳነብ የባለቤቴ ተማሪዎች ሊሰናበቷት ከማዶ ቤታችን ድረስ መጡ። ደረጃዎን በሩጫ ነው የወጡት፤ ለሕፃን እግር እጅግ ተስማሚ መሆኑን መስክረውልዎታል። ጥግ ይዘው ሲንሾካሾኩ ቆዩና፣ እኛ ተሸክመን እናሻግርዎታለን ብለው ዙሪያዋን ከበው ወንበሯን ለማንሳት ታገሉ። ወንበሩ ንቅንቅ አላለም፤ እርሷ ግን አለቀሰች። አቤት ማለት ከጀመርን ወዲህ የደረሰን የመፍትሔ ሐሳብ ይህ ብቻ ነው።