የቴፒ ሰው ነኝ ብል ማን ይመነኝ

ኅዳር 3 ቀን 2001
ዝናብ። መብራት የለም። የደንበኛ ልብስ ልሰፋ ክር መርፌ ውስጥ ላስገባ ስታገል ረፈደ። ጎረቤቴ ሀጂራ መጥታ አስገባችልኝ። «ሳህሉ፣ ዓይንህ ላይ ያለው ነጭ ነገር ሞራ ነው እኮ!» አለችኝ። ሚዛን ከተማ ሐኪሞች መጥተው በነጻ ይገፍፋሉ አሉ። የሚፈለገው የቀበሌ ደብዳቤ ብቻ... ነዋሪ ነው፣ ድሃ ነው የሚል። ቀላል ነው። ሁለቱንም ነኝ።

ኅዳር 4
ቀላል አይደለም። መታወቂያዬ የማሻ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ከፈለኝ «ከማሻ መሸኛ አምጣ» አለኝ። ከማሻ ከወጣሁ ስንት ዘመኔ! ደግሞ ከላይ እስከ ታች አየኝ።
«ይሄን ሱፍ ለብሰህ ነው ድሃ ነኝ የምትለው?»
ለቢሮ ክብር ብዬ እኮ ነው። ያውም አሰፍቶ የቀረ ደንበኛ ሱፍ... ልንገረው አልኩና ተውኩት። የሰው ልብስ ለብሶ ይዞራል ቢለኝስ?

ኅዳር 7
ማሻ ደርሼ መጣሁ። መንገዱ ጭቃ፣ ከተቀመጥነው የገፋነው ይበዛል። መዝገቡ ላይ የለህም አሉኝ። እሺ፣ የለም ብላችሁ ጻፉልኛ!
«የሌለ ሰው እንዴት ይሸኛል?» አለች ጸሐፊዋ።
እውነቷን ነው መሰለኝ። ታዲያ እኔ የት ነው ያለሁት?

ኅዳር 8
ከፈለኝ ሰምቶ ራሱን ያዘ። «በቃ፣ የሚያውቁህ ሰዎች ይመስክሩ።» ሐኪሞቹ ሊሄዱ ነው አሉ። ሳይገፈፍልኝ ቢሄዱ... በምን እበላለሁ?

ኅዳር 9
በተቀደደ ሱሪ ሄድኩ። ዘበኛው «እዚህ ልመና አይቻልም» ብሎ መለሰኝ። ሀጂራ ተቆጥታ አስገባችኝ።
ምስክሮቼ እሷና አናጢው አዲሱ። አዲሱ ጸሎተኛ ነው፣ አይዋሽም። ያስፈራኝም እሱ ነው።
«ነዋሪ ነው?» አለ ከፈለኝ።
«ሲያንኮራፋ ግድግዳዬ ይንቀጠቀጣል» አለ አዲሱ። «መኖሩን ልርሳ ብልስ መቼ ያስረሳኛል?»
«ድሃስ ነው?»
አዲሱ አየኝ። «እሱን እንኳ... ባለፈው ዶሮ ሲበላ አይቼዋለሁ።»
አዲሱ! ምን በደልኩህ?
ሀጂራ ብድግ አለች። «ዶሮዋ የኔ ናት! ታማ ልትሞት ስትል አርደህ ብላት ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ!»
ታማ እንደነበረች ዛሬ ገና ሰማሁ።
ከፈለኝ እየሳቀ ማኅተሙን መታው። «የታመመ ዶሮ የሚበላማ ድሃ ነው» አለ።

ኅዳር 11
ሚዛን። አንዱን ዓይኔን ሠርተው በፋሻ አሰሩት። ነገ ይፈታል አሉ። ፈራሁ። ባይበራስ...?

ኅዳር 14
ቴፒ። በራልኝ! ቅጠሉ ሁሉ ለየብቻው ይታያል።
ሀጂራ እልል እያለች መጣች። ቀሚሷን አየሁት። እኔ የሰፋሁት። አንዱ እጅጌ መዳፏን ሸፍኗል፣ አንዱ ክርኗ ላይ ቀርቷል።
«መቼ ነው እንዲህ አድርጌ የሰፋሁልሽ?»
«ለዒድ።»
«ለምን አልነገርሽኝም?»
«ትከሻዬን ጠምዘዝ ሳደርገው እኩል ይሆናል» አለችና አሳየችኝ።
ወደ መንገዱ ዞርኩ። አዲሱ ሲያልፍ የሸሚዙ ኪስ ብብቱ ሥር ነው። ከፈለኝ በአንድ እግር አጭር፣ በአንድ እግር ረጅም ሱሪ... እንኳን ሊወቅሱኝ፣ እጃቸውን አውለብልበው ሰላም አሉኝ።
ስንት ጊዜ እንዲህ ለብሰውልኝ ኖረዋል?
መቀሱን አነሳሁና መንገድ ላይ ወጥቼ ጮህኩ። «ኑ፣ ሁላችሁም አውልቁ!»
የቀበሌው ዘበኛ ብቻ መቀሱን ሲያይ ሮጦ አመለጠ።