አሥራ አራቱንም ኮምፒውተሮች «ኃላፊ» ስለማሰኘትዎ

ሚዛን ተፈሪ
ኅዳር 14 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለክቡር የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በደረቅ ጫማና መብራት ባልጠፋበት ሰዓት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ፤ በከተማችን ሦስቱ ባንድ ቀን የሚገጥሙለት ሰው ብዙ እንዳልሆነ አውቃለሁና። የጽሕፈት ቤትዎን ስም ያልጠቀስኩት ከንቀት አይደለም። በቅርቡ በግቢዎ ውስጥ ስም ካደረሰው ጉዳት በኋላ ሌላ ስም አንስቼ ነገር ማብዛት ስላልፈለግሁ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢያን በአጭሩ ላስረዳ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ የጽሕፈት ቤትዎ አሥራ አራት ኮምፒውተሮች የሚጠሩት በሚሠሩባቸው ሰዎች ስም ነበር። የጸሐፊዋ «ሎሚ»፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ «ለተብርሃን» ይባሉ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ቴፒ የተዛወሩት የአቶ ቲቶ ኮምፒውተር እንኳ፣ ሰውየው ቢሄዱም፣ «ቲቶ» እንደተባለ ቀርቶ ነበር። የግቢው ብቸኛ ማተሚያ ለተብርሃን ላይ የተሰካ ስለሆነ፣ ሠራተኛው ሁሉ ከየክፍሉ ወደ ለተብርሃን ይልካል፣ ይታተማል፣ ባለጉዳይም ማኅተሙን አስመትቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ አሠራር ግለሰባዊነት የተጠናወተው መሆኑን እርስዎ በተሾሙ በሁለተኛው ሳምንት ደረሱበት። ስለዚህም፦

1. ስለ ስብሰባው አመሰግናለሁ። ኮምፒውተሮቹ ከእንግዲህ በሥራ መደብ እንዲጠሩ ለመወሰን ሁለት ቀን ተኩል ብቻ በቂ ሆኖ መገኘቱ፣ ባለጉዳዩም በበረንዳው ላይ ቆሞ ዝናቡን በጥሞና ለማየት ዕድል ማግኘቱ የሚረሳ አይደለም።

2. ከሁሉ በላይ ስለ ሸኚ ደብዳቤዎ አመሰግናለሁ። የኮምፒውተር ባለሙያዎ አቶ ሸዋንግዛው በየክፍሉ እየዞሩ ስም ከመቀየር ይልቅ፣ አምስት መስመር ትእዛዝ በአንዲት ትንሽ ፋይል ጽፈው ነበር፤ ሁለቴ ሲጫኗት ጥቁር መስኮት ብልጭ ይላል፣ ኮምፒውተሩ አዲሱን ስም ይቀበላል፣ ጠፍቶም ይነሣል። ይህ ሙያ ነው፤ በዚህ አልቀልድም። በስሙ ቦታ ላይ ለምሳሌ ያህል የእርስዎን ኮምፒውተር መጠሪያ፣ «ኃላፊ» የሚለውን አስገብተው፣ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ መጠሪያ እየተካ እንዲያስኬዳት በቃል ተናግረው ለሥልጠና ወደ ማሻ ሄዱ። እርስዎ ፋይሏን በፍላሽ ሲያሰራጩ ግን፣ በሁሉም ደብዳቤ ላይ እንደሚያደርጉት፣ «ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት ተግባራዊ እንዲደረግ» ብለው ጻፉ፤ ክብ ማኅተምም አረፈበት። ማኅተም ያረፈበትን፣ ያውም የኃላፊው መጠሪያ የሰፈረበትን ነገር የሚነካ ሠራተኛ በዚህ ከተማ ገና አልተወለደም። ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት ተግባራዊ ተደረገ። በማግሥቱ ጠዋት አሥራ አራቱም ኮምፒውተሮች «ኃላፊ» ሆነው ተገኙ። አፈጻጸሙ መቶ በመቶ ተብሎ ለበላይ አካል ሪፖርት መደረጉን ሰምቻለሁ፤ እውነትም ነው፣ አንድም አልቀረም።

3. ጎረቤቴን ወይዘሮ ዓለምሸትን በመወከልም አመሰግናለሁ። በሸኮ መንገድ ያለቻቸውን አንድ ሄክታር የማትሞላ የቡና ማሳ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የሟች ወንድም አቶ ባምላኩ የእኔ ናት ብለው ከሰዋቸዋል። ፍርድ ቤቱ ከእርስዎ ዘንድ የጠየቀው አንዲት ገጽ ብቻ ነው፤ ማሳዋ በማን ስም ተመዝግባለች? መልሱ በመዝገብዎ አለ፦ በሟችና በወይዘሮ ዓለምሸት ስም። አብሬያቸው ስለነበርኩ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። ሎሚ ደብዳቤውን ጽፋ ጨርሳ «እትዬ፣ ይኸው አልቋል፣ ይመልከቱት» ብላ በስክሪኑ ላይ አሳየቻቸው። «አምሮበታል፤ አሁን በወረቀት ስጪኛ» አሉ። «ችግሩ እሱ ላይ ነው እኮ። ኮምፒውተሬ ለተብርሃንን ቢፈልግ የለችም ተባለ፤ ኃላፊን ቢፈልግ አሥራ አራት ሆኑበት።» ወይዘሮ ዓለምሸት ትንሽ አሰቡና «ልጆቹን ሁሉ ባንድ ስም ጠርቶ፣ ውኃ የሚያመጣለት ሲያጣ የሚቆጣ አባት ዛሬ አየሁ» አሉ። ሎሚ ሳቀችና፣ የእርስዎ በር ገርበብ ማለቱን ስታይ ወዲያው ሳል አደረገችው።

4. በፍላሽ ገልብጦ ማተሚያው ካለበት ክፍል ማሳተም አይቻልም ወይ ብዬ በመጠየቄ ይቅርታ። በቫይረስ ምክንያት ፍላሽ መሰካት ካለፈው መጋቢት ጀምሮ ክልክል መሆኑን፣ የተፈቀደው ስሙን የቀየረው ፍላሽ ብቻ እንደነበረ፣ እሱም ወደ ንብረት ክፍል ገቢ መሆኑን፣ እዚያው ማተሚያው ካለበት ኮምፒውተር ላይ መጻፍም፣ ደብዳቤ የጸሐፊዋ የሥራ መደብ ብቻ ስለሆነ፣ እንደማይፈቀድ ተረድቻለሁ። አቶ ሸዋንግዛውም ከማሻ በስልክ «የየክፍሉን ስም አስገቡና እንደገና አስኪዷት፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም» ብለው ነበር አሉ። ዳሩ ግን በቃለ ጉባኤ የተወሰነ ነገር የሚስተካከለው በቃለ ጉባኤ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ደግሞ ታትሞ መፈረም አለበት፤ ማተሚያውን እስካሁን ያገኘ የለም።

5. የመዝገብ ሠራተኛው አቶ ታፈሰ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ለዚህ ወረዳ በእጃቸው ሲጽፉ የኖሩ ሰው፣ «ክቡር ኃላፊ፣ በእጄ ልጻፈውና ማኅተም ይመታበት» ሲሉ፣ እርስዎ «ወደ ኋላ አንመለስም» በማለትዎ ስለ ቆራጥነትዎ አመሰግናለሁ።

ኅዳር 9 ቀን ወይዘሮ ዓለምሸት ባዶ እጃቸውን ችሎት ቀረቡ። ዳኛው ለኅዳር 30 የመጨረሻ ቀጠሮ ሰጡ፤ ማስረጃው ያን ዕለት ካልመጣ ያለ እሱ ይወሰናል። እስከዚያው ቡናውን ማንም እንዳይለቅም እግድ አለ። ትናንት አብረን ሄደን አየነው። ቀልቶ ነበር፤ አሁን እየጠቆረ ከሥሩ ይረግፋል። ወይዘሮ ዓለምሸት ሊያነሱት ጎንበስ አሉና፣ እግዱን አስታውሰው ቀና አሉ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከሁለት አንዱን እንዲፈቅዱ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ፦ ወይ ግማሽ ሰዓቷን ለኮምፒውተሮቹ፣ ወይ አንድ እስክሪብቶ ለአቶ ታፈሰ።

ለሥልጣንዎ ዕድሜ፣ ለግቢዎ ጸጥታ፣ ለማኅተምዎም የማይደርቅ ቀለም እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ፊት ለመቆም ተራዬን በበረንዳዎ ላይ የምጠባበቅ፣

ኃይለጊዮርጊስ ወልደሰማያት
ጡረተኛ መምህር

ግልባጭ፦
ለጽሕፈት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ
ለአቶ ሸዋንግዛው፣ ማሻ
ለፍርድ ቤቱ፣ በወይዘሮ ዓለምሸት መዝገብ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ያሳተምኩት ከግቢዎ በር ፊት ለፊት ባለው የናስር ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የኮምፒውተሩን መጠሪያ ብጠይቀው «ጋሼ፣ ጠይቄው አላውቅም፤ አትም ስለው ያትማል» አለኝ። አራቱም ቅጂ አንድ ሲኒ ቡና ሳልጨርስ ወጣ። የፍርድ ቤቱን ቅጂ ወይዘሮ ዓለምሸት ኅዳር 30 ይዘውት ይገባሉ፤ ማሳዋ የማን እንደሆነች ባያስረዳም፣ ማስረጃው በማን እጅ ተይዞ እንደቀረ ያስረዳልና።