ስምህን የፈረምኩባቸው ሶላሮች

ካርቱም፣ ሰኔ 2008 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ በየነ፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር አሰብኩና ተውኩት፤ ደህና አይደለሁም። ራሴን ተጸይፌያለሁ።

ፖሊስ በአፈሳ ይዞ በመተማ በኩል ወደ አገርህ ካሻገረህ ወዲህ ፋብሪካችን ሌላ ሆኗል። በቀን ሃያ ሶላር ስንጨርስ የምናጨበጭብ ሰዎች መቶ ማውጣት ጀመርን። በሩ ላይ «የአገር ምርት» የሚል ማስታወቂያ ተሰቅሏል። ትልልቅ ሰዎች እየመጡ ሪባን ይቆርጣሉ፣ ቴሌቪዥን ይቀርጻል፣ የፋብሪካው ባለቤት ሀሺምም ጀላቢያ ቀሚሱን አሳምሮ ከእንግዲህ የውጭ ዕቃ አንለምንም ይላል። ውጭ አገር ተሰንጥቆ የተጣለ የሶላር ሴል ግን በጓሮ በር ይገባል። የምበይደው እኔ ነበርኩ። ስንጥቁ ከመስታወቱ ሥር ይታያል።

አንተ እያንዳንዱን ሶላር ከመፈተሻው ማሽን አውርደህ፣ የተነበበውን ዋት ጀርባው ላይ በማርከር ጽፈህ፣ ከሥሩ በአማርኛ «በየነ» ብለህ ትፈርም ነበር። ደካማውን ትጥለዋለህ። የኦምዱርማን ነጋዴዎች ፊደሉን ማንበብ ባይችሉም መልኩን ለመዱት፤ ገልብጠው ሳያዩት አይገዙም። አንተ ስትሄድ ፊርማ የሌለውን ሁሉ መመለስ ጀመሩ። ያኔ ሀሺም ማርከሩን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ።

«ስሚ ሀዲል፣ እናትሽ ሐበሻ ናት፣ ፊደሉን ታውቂያለሽ። የሱን ስም ጻፊበትና ይለፍ፣ ኸላስ፣ አለቀ» አለኝ።

መጻፍ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ እናቴ አማርኛውን መናገር እንጂ መጻፍ አታውቅም። በየምሳ ሰዓቱ ያለማመድከኝን እጅ ለዚህ አዋልኩት። እምቢ ማለት እችል ነበር፣ አላልኩም። ከሥራ እንዳልባረር ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ማሽኑ መቶ አርባ ሲያነብ እኔ ሁለት መቶ ሃምሳ እያልኩ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ስምንት ወር ሙሉ ስምህን ጻፍኩ።

ባለፈው ሳምንት ሉጥፊያ ቤታችን መጣች። በካላክላ ሰፈር ጎረቤታችን የሆነችው አዋላጅ ናት። መብራት በሄደ ቁጥር በእጅ ባትሪ ማዋለድ ሰልችቷት ሁለት ሶላር ገዝታለች። አንዱን ተሸክማ አምጥታ ጀርባውን አሳየችን። ይህ ሐበሻ አይዋሽም ብለው እንደሸጡላት ስትነግረን እናቴ ኮራች። እኔ ሻይ ልቅዳ ብዬ ተነሳሁ።

በማግስቱ ቤቷ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ሶላሩን ገልብጣ ስምህን እያየች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦

«ሰውየውስ ያውቃል?»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሥራ ሄድኩ። ለገጠር ጤና ጣቢያዎች የሚሄድ ሰማንያ ሶላር ግቢው ውስጥ ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል። ምላጭ አውጥቼ ስምህን መፋቅ ጀመርኩ። አሥራ አንዱን እንደጨረስኩ ዘበኞቹ ክንዴን ይዘው ከበር አስወጡኝ። የቀረው በዚያው ቀን ተጭኖ ሄደ። አሁን ስሙን እንኳ በማላውቀው መንደር ሴት ምጥ ላይ እያለች መብራቱ ይጠፋል፤ ሶላሩን ገልብጠው ሲያዩት የሚያገኙትና የሚረግሙት አንተን ነው።

ይኸው አወቅክ። ይቅርታ አልለምንህም፣ አፌም አይደፍርም። ከዚህ ፖስታ በኋላ ግን ስምህን የትም አልጽፍም።

ሀዲል